ለሚያነክስ ውሻ ዳሌ የቱ ይሻላል? ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ፣ አጥንት ቆርጦ ማውጣት ወይስ ያለ ቀዶ ሕክምና ማስታመም

ውሻችሁ ከተኛበት ሲነሣ ኋላው የሚከብደው፣ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እንደ ጥንቸል የሚያነሣ፣ አጥር መዝለል የተወ ከሆነ ችግሩ ዳሌው ላይ ሊሆን ይችላል። ጀርመን ሸፐርድ፣ ሮትዋይለርና ላብራዶር፣ ከእነሱ የተዳቀሉትም፣ ይህን ሕመም ከዘራቸው ይወርሳሉ። የጭኑ አጥንት ክብ ራስ ከዳሌው ጎድጓዳ ጋር በደንብ ሳይገጥም ያድግና እየተፋጨ ይጎዳል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ ይገጨውና ዳሌው ይወልቃል፣ ወይም የጭኑ ራስ ይሰበራል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ባሕር ዳር ሆኖ ውሻውን ለማሳከም ለሚያስብ አብዛኛው ሰው የሚሻለው የጭኑን ራስ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ያውም ክብደት መቀነሱና ማስታገሻው ተሞክረው ካልበቁ በኋላ። ሰው ሠራሹ ዳሌ ከሁሉም የተሻለ እግር ይሰጣል፤ የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ማሟላት ግን ከባድ ነው።

ከሁሉም በፊት ጉልበቱ ይታይ። የኋላ እግር ማነከስ ከሚያመጡት ዋነኞቹ አንዱ የጉልበት ጅማት መበጠስ ነው፤ ኤክስሬይ ላይ ዳሌው የተበላሸ ውሻ የሚያነክሰው በጉልበቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዳሌው ቢቀየርም ማነከሱ አይለቀውም። ጥሩ የዳሌ ኤክስሬይ የሚነሣው ውሻው ማደንዘዣ ወይም ማረጋጊያ ተሰጥቶት፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ሁለቱ እግሮቹ እኩል ተዘርግተው ነው። እየታገለ በተነሣ ፎቶ ብቻ ቀዶ ሕክምና የሚወስን ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ሰው ሠራሽ ዳሌ

የተጎዳው የጭን ራስ ወጥቶ በጭኑ አጥንት ውስጥ የብረት ዘንግ ይገባል፤ ብረቱ ኮባልት ክሮም ወይም ታይታኒየም ነው። በጎድጓዳው በኩል ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ኩባያ ይቀመጣል። የሚያያዘው በአጥንት ሲሚንቶ ነው፤ ወይም ያለ ሲሚንቶ ተጣብቆ ገብቶ አጥንቱ ራሱ እንዲይዘው ይደረጋል። ሲሳካ ውሻው እንደ ጤነኛ ይሮጣል። 30 ወይም 40 ኪሎ ለሚመዝን፣ እድገቱን ለጨረሰ ወጣት ውሻ ይህን የሚያህል የለም። ሁለቱም ዳሌዎች ቢታመሙ እንኳ ብዙ ውሾች በአንዱ መቀየር ብቻ ተሽሏቸው ይኖራሉ።

ወጪው ግን በአሜሪካ ለአንድ ዳሌ ብዙ ጊዜ ከ5,000 ዶላር ይበልጣል። የሚያስፈራው ሲበላሽ ነው፤ ኳሱ ከኩባያው ይወልቃል፣ ጭኑ ይሰነጠቃል፣ ኢንፌክሽን ይገባል። ብረት ላይ የሰፈረ ኢንፌክሽን በመድኃኒት ስለማይለቅ ብዙውን ጊዜ ብረቱን ማውጣት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ቆዳው፣ ጥርሱ ወይም ፊኛው የቆሰለ ውሻ መጀመሪያ ከዚያ ይድናል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ለሁለት ለሦስት ወር መሮጥ፣ መዝለልና በሚያንሸራትት ወለል ላይ መሄድ ክልክል ነው፤ የሚወጣው በገመድ ተይዞ ነው። ሌሊት ተለቆ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ያለው ሰው ይህን እችላለሁ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

የጭኑን ራስ ቆርጦ ማውጣት

እዚህ ምንም ብረት አይገባም። የጭኑ ራስና አንገቱ ይቆረጣል፣ የሚፋጨው አጥንት ይወገዳል፣ ቦታው በጠባሳና በጡንቻ ይያዛል። እግሩ ትንሽ ያጥራል፣ አረማመዱም ፍጹም አይሆንም፤ ሕመሙ ግን ይሄዳል። ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ውሻ፣ ስለዚህም ለአብዛኛው የሐበሻ ውሻ፣ ውጤቱ ደስ ያሰኛል። ትልልቆቹም ይጠቀማሉ፤ እነሱ ላይ ግን ውጤቱ የሚዋዥቅ ሲሆን ማገገሙም ይዘገያል።

ሰዎች ሁለቱን ሲያወዳድሩ የሚረሱት አንድ ነገር አለ። ሰው ሠራሹ ዳሌ እረፍት ይፈልጋል፤ ይኸኛው መንቀሳቀስ ይፈልጋል። ሕመሙ በመድኃኒት ተይዞ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ እግሩ በእጅ እየታጠፈ እየተዘረጋ፣ ውሻው ቀስ ብሎ ዳገት እየወጣ፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ጥልቀት በሌለው ወንዝ ውስጥ እየተራመደ መሥራት አለበት። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ እግሩ ደርቆ ይቀራል። ጥፋቱ በሐኪሙ ሲሳበብ ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ ያጎደለው ሰንሰለቱ ነው።

ያለ ቀዶ ሕክምና

ብዙ ውሻ በዚህ ብቻ ዓመታት ይኖራል። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ፣ 48 ላብራዶሮችን ዕድሜ ልካቸውን በተከታተለ ጥናት፣ ከጓደኞቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት ወደ 2 ዓመት ገደማ ረዝመው ኖረዋል፤ የዳሌ መገጣጠሚያቸውም ዘግይቶ ነው የታመመው። ጎድኑ በእጅ የማይዳሰስ ውሻ ወፍሯል ማለት ነው። ፋሲካን ተከትሎ የሚመጣው የሉካንዳ ቅንጥብጣቢ እዚህ ላይ ይጎዳል።

ከፋርማሲ ለሰው የሚሸጥ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡት፤ የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። ሜሎክሲካም ወይም ካርፕሮፌን በሐኪም ትእዛዝና በክብደቱ ልክ ይሰጣል።

በባጃጅ ተገጭቶ ዳሌው የወለቀ ውሻ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። አጥንቱ ካልተሰበረ በማደንዘዣ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ ቀናት ባለፉ ቁጥር ግን ያስቸግራል። በዕለቱ ውሰዱት።

ሐኪሙን መምረጥ

የወረዳ ክሊኒክ ሐኪሞች ሥራቸው በአብዛኛው ከብት፣ በግና የጋማ ከብት ነው፤ ለመጀመሪያ ምርመራ እነሱን ማማከር ተገቢ ነው። ለቀዶ ሕክምና ከባሕር ዳር ለሚነሣ ሰው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ከደብረ ማርቆስ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚጓዝ አዲስ አበባ፣ አለፍ ብሎም ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ። አስቀድማችሁ ደውሉና ይህን ጠይቁ፦ ይህን ቀዶ ሕክምና በውሻ ላይ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ማደንዘዣውን የሚከታተለው ሌላ ሰው ነው? ሲጨርሱ ኤክስሬይ ያነሣሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ለቆርጦ ማውጣቱ ወሳኝ ነው፤ የሹል አጥንት ቅሪት ከተረሳ ሕመሙ ይቀጥላል።

ሰው ሠራሹን ዳሌ ለሚፈልግ ደግሞ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ የእንስሳት ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አባልነት መታየት አለበት። እነዚህ ከዲግሪያቸው በኋላ ተጨማሪ ዓመታት በቀዶ ሕክምና ሠልጥነው ፈተና ያለፉ ናቸው። ውሻውን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ለመውሰድ ያሰበ ሰው ጊዜውን ቀድሞ ያስላ፦ ማይክሮቺፕ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ፣ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ የ3 ወር ጥበቃ። በእነዚህ አራት ወራት ክብደቱን መቀነስ ይቻላል፤ ቀዶ ሐኪሙም የሚፈልገው ቀጭን ውሻ ነው።