ዝናቡ እስኪያባራ፦ የፍልሰታ ቅዳሜና እሁድ በአንድ የስድስት ኪሎ ምግብ ቤት

በነሐሴ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሁድን ከቤት ወጥቶ ለማሳለፍ ያሰበ ሰው ውሎውን የሚያቅደው በዝናቡ ሰዓት ነው። ጠዋት ሰማዩ ገለጥ ይልና ሙዚየም ለመጎብኘትም ሆነ እንጦጦ ለመውጣት ይጋብዛል፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ግን ደመናው ይጠቁርና መንገደኛውን ሁሉ በየጣሪያው ሥር ይሰበስበዋል። በክረምት አንድን ምግብ ቤት የምመዝንበት ሚዛን ከበጋው የሚለየውም ለዚህ ነው፤ የወጡ ጣዕም እንዳለ ሆኖ፣ ቤቱ የበሰበሰ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበል፣ ምግቡ ትኩስነቱን እንደያዘ ገበታ ላይ ይደርስ እንደሆነ፣ ከተበላም በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ ሳይሳቀቁ መቀመጥ ይቻል እንደሆነ እመለከታለሁ።

ነሐሴ 11 ቀን ቅዳሜና በማግሥቱ እሁድ፣ ማለትም በቡሄ ዋዜማ፣ ሁለት ጊዜ የተመገብኩበት ቤት ከአምስት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ከሚወስደው ዋና መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ቀድሞ የሰው መኖሪያ የነበረ አሮጌ ቪላ ነው። ሳሎኑና ሁለቱ መኝታ ቤቶች ወደ መመገቢያ ክፍልነት ተለውጠዋል፤ በረንዳው ላይ ደግሞ ሸራ ተወጥሮበት ስድስት ጠረጴዛ ተጨምሯል። ጉድለቱን ሳልሸሽግ ስለምጽፍና የሁለት ቀን ገበታ በአንድ ቤት ላይ ለመፍረድ ስለማይበቃ ስሙን አልጠቅስም።

ቅዳሜ ረፋዱን ዘጠኝ ዓመት ከሞላው የእኅቴ ልጅ ጋር በብሔራዊ ሙዚየም አሳለፍን። ልጁ ከሁሉም ይልቅ ረጅም ጊዜ የቆመው በድንቅነሽ ፊት ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ይህች ፍጡር ምን ትበላ እንደነበር ጠየቀኝ። ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል ትበላ እንደነበር ስነግረው ጥቂት አሰበና «እንግዲያው እሷም ትጾም ነበር ማለት ነው» አለኝ። እንዲህ ማለቱ አያስደንቅም፤ ፍልሰታ ሕፃናት ሳይቀሩ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾሙት ጾም በመሆኑ እሱም በዚያ ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለ ምግብ ነበር። ከሙዚየሙ ወጥተን ሽቅብ ስንራመድ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ለተጨፈጨፉት ሰማዕታት የቆመው ሐውልት ጋ ሳንደርስ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ፤ እንደምንም ሮጠን ገባን።

የቤቱን አቀባበል ገና ከደጁ ወደድኩት። በሩ ሥር ለጃንጥላ የተቀመጠ ትልቅ ባልዲ አለ፤ ወለሉ ላይ ውኃ እንዳይንጠባጠብ መሆኑ ነው። አስተናጋጇ ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ «ጋሼ፣ ጃንጥላውን ለእኔ ይስጡኝ፤ የልጁንም ጃኬት ከምድጃው አጠገብ ላንጥፈው» ብላ ተቀበለችን። ቦታ ያገኘነው ግን ከሩብ ሰዓት ጥበቃ በኋላ ነበር። በፍልሰታ በሌሎቹ ቀናት ቅዳሴው ወደ ከሰዓት በኋላ ሲገፋ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ተቀድሶ ስለሚያበቃ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ነጠላ ለባሽ ሁሉ ገና ከረፋዱ ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ቤቶች ይሞላቸዋል። በእኔ እምነት ይህ መጨናነቅ ለተመጋቢው በጎ ጎን አለው። በያይነቱ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሲፈለግ ወጡ ውሎ አድሮ የመቅረብ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በጾም ሰሞን ግን ድስቱ ባዶ እየሆነ እንደገና ስለሚጣድ የሚቀርበው ሁሉ የዕለቱ ነው።

ያዘዝነው አንድ በያይነቱ ነበር፤ ለአንድ ሰው ተብሎ የመጣው ለእኔና ለልጁ በቅቶናል። መሶቡ ሲከፈት በመካከል ሽሮ፣ ዙሪያውን ቀይ ምስር ወጥ፣ አተር ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር በድንች፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ከዳር ደግሞ ሱፍ ፍትፍትና ሁለት ስንግ ቃሪያ ነበረው። ከእነዚህ ሁሉ የምስር ወጡ ቤቱን የሚያስከብር ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በደንብ ቀልጦ፣ በርበሬው ጥሬነቱ እስኪጠፋ ድረስ በቁሌት ላይ ታሽቶ የተሠራ መሆኑ የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ይታወቃል፤ ምስሩ ሳይፈርስ በስሏል፣ መኮረሪማውም ከኋላ ይመጣል እንጂ አይቀድምም።

ዘይቱን በተለየ ትኩረት ነው የተመለከትኩት። የጾም ወጥ ሕይወቱ ዘይት ነው፤ በክረምት ብርድ ደግሞ የሚረጋ ዘይት የገባበት ወጥ ገና ሳይበላ ዳር ዳሩ እየነጣ ይጠጥርና ከንፈር ላይ እንደ ሻማ ይጋገራል። ይህ በበጋ የማይታይ፣ በነሐሴ ግን የብዙ ቤቶችን ገበና የሚያወጣ ነገር ነው። ሆን ብዬ አንድ ማንኪያ የሚሆን ምስር ከእንጀራው ጠርዝ ላይ ለይቼ ሩብ ሰዓት ያህል አቆየሁት፤ ቀዘቀዘ እንጂ አልረጋም፣ ቀይ ዘይቱም እንደ ፈሰሰ ወደ እንጀራው ዓይን ገብቶ ቀረ። ፈሳሽ ዘይት ተጠቅመዋል ማለት ነው፤ ከዋጋው አንጻር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀሩት ወጦች እኩል አልነበሩም። አልጫው እርድ በዝቶበት መረር ይላል። ጎመኑ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያልተሰሰተበት፣ ሳይልም የተነሣ ነው። ፎሶሊያው ውኃ ነበር። ሱፍ ፍትፍቱ በደንብ ተወቅጦ የተጠለለ፣ በጥርስ መካከል ገለባ የማይተው ሲሆን ልጁ ሌላውን ትቶ እሱን ብቻ ጨረሰው፤ ሁለተኛ እንዲጨመርልን ስንጠይቅም አስተናጋጇ ያለ ተጨማሪ ሒሳብ በትንሽ ሳህን አመጣችልን። የቅዳሜው እንጀራ ዓይናማ፣ ለስላሳና ልክ የሆነ ኮምጣጣነት ያለው ነበር።

እሁድ ብቻዬን ተመለስኩ። ጠዋት ያሳለፍኩት እንጦጦ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም በፍልሰታ ለአስቀዳሹ ትጠባለች። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ስለሚያልፍ ጉሙ በባሕር ዛፉ መካከል እየተንሳፈፈ አሥር እርምጃ ርቆ የሚሄደውን ሰው ይሰውረዋል። ቁልቁል ስመለስ ከመንገድ ዳር አንዲት እናት በከሰል ላይ የሚጠብሱትን በቆሎ ገዝቼ እየፈለፈልኩ ወረድኩ፤ የክረምት እሁድ ያለ በቆሎ ጥብስ ጎዶሎ ይመስለኛል። እንዲህም ሆኖ ስድስት ኪሎ ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር፤ ያማረኝም የሚያቃጥል ነገር ነበርና ሽሮ ተጋቢኖ አዘዝኩ።

ያዘዝኩት እስኪመጣ ሃምሳ ደቂቃ ጠብቄያለሁ። በእሁድ ብዛት ጥበቃውን እረዳለሁ፤ የማልረዳው ማንም መጥቶ «ትንሽ ይዘገያል» አለማለቱን ነው። ውስጡ ሞልቶ ስለነበር የተቀመጥኩት በረንዳው ላይ ነው። ሸራው ውኃ አዝሎ መሐሉ ተቋጥሯል፤ ከስፌቱም ጠብታ እየወረደ በመጀመሪያ ትከሻዬ ላይ፣ ወንበሬን ስገፋ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያርፍ ጀመር። ነገሩን የነገርኩት ወጣት አስተናጋጅ በመጥረጊያ እንጨት ሸራውን ከታች ገፋ ሲያደርገው የተጠራቀመው ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ግቢው ፈሰሰ፤ ከጎኔ የነበሩት ሰዎች ጫማ ግን አልተረፈም። ለበጋ ጥላነት የተወጠረ ሸራ ለክረምት ጣሪያ አይሆንም፤ ቤቱ ይህን ማስተካከል አለበት።

ሽሮው ሲመጣ ቁጣዬን አበረደው። በሸክላ ድስት እየተንተከተከ፣ ፍንጣቂው ወደ እጅ እየዘለለ ነው የቀረበው፤ ቀልቅለው ወዲያው ያወጡት ሳይሆን በቂ እሳት ያገኘ፣ ዱቄቱ ጓል ያልሠራበት፣ ከላይ የተቆራረጠ ቃሪያ የተጣለበት ነው። ድስቱ ሙቀቱን ስለሚይዝ የመጨረሻው ጉርሻ ድረስ ትኩስ ነበር። ይህ ቤት በክረምት የሚመረጥ ምግብ አለው ቢባል እሱ ነው፤ በያይነቱ ምንም ያህል ቢጣፍጥ በሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ስለሚቀርብ ከግማሽ በኋላ መቀዝቀዙ አይቀርም።

እንጀራው ግን የቅዳሜው አልነበረም። አፍለኛ ነው፤ ዓይኑ አልፎ አልፎ ብቻ የወጣ፣ ሲጠቀለል የሚሰነጠቅ ነበር። በብርድ ጊዜ ሊጥ ኩፍ ለማለት ከበጋው የበለጠ ጊዜ እንደሚፈልግ እንጀራ የሚጋግር ሁሉ ያውቃል፤ በዓል ሲቃረብና ፈላጊው ሲበዛ ሊጡ ሳይደርስ ወደ ምጣድ መውጣቱን መገመት አያቅትም። ከዚህም በላይ ቀዝቃዛ ነበር። የሚፈላ ሽሮ በቀዝቃዛ እንጀራ መብላት ግማሹን ደስታ ይቀንሳል።

ከምግቡ በኋላ ወደ ውስጥ ተዛውሬ ቡና ጠጣሁ። ቡናው የሚፈላው ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው፤ ጤና አዳም ለፈለገ በስኒው ይጨመርለታል፣ ፈንዲሻውም አይጓደልም። አንድ ነገር ግን መነገር አለበት፦ በዝናቡ ምክንያት መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ከሰሉና ዕጣኑ ክፍሉን ስላፈኑት ዓይኔ ያለቅስ ነበር፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከዓይን ማልቀስ ያለፈ አደጋ ስላለው አንዱን መስኮት እንዲከፍቱ ጠየቅኩና ከፈቱት። በዚህ መሐል ዝናቡ በረታ። ጣሪያው ኮርኒሱ ስስ የሆነ ቆርቆሮ በመሆኑ ድምፁ ወሬን ሁሉ ዋጠው፤ ሰው ሁሉ አፉን ዘግቶ ስኒውን ይዞ ተቀመጠ። ሲያባራ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ልጆች ዱላቸውን እየወቀጡ «ሆያ ሆዬ» ብለው ከግቢው ገቡ። ከገንዘብ ተቀባይዋ ጀምሮ ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ማንም አላባረራቸውም። ከበላሁ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተቀምጫለሁ፤ ጠረጴዛው ለሌላ እንደሚፈለግ በዓይን እንኳ ያመለከተኝ አልነበረም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በያይነቱ 280 ብር፣ ሽሮ ተጋቢኖ 220 ብር፣ ቡና 40 ብር ነው። የምግብ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈው ግን በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መኖሩ ነው፤ በያይነቱ ብቻውን 322 ብር ይሆናል ማለት ነው፤ ዋጋው ታክስን እንደማይጨምር በአንድ መስመር ቢጻፍ ሰው ሒሳብ ሲመጣ ባልተደናገረ ነበር። በቴሌብር መክፈል ይቻላል። የመኪና ማቆሚያው ጭቃ በመሆኑ መኪናን ዋናው መንገድ አካባቢ ትቶ በእግር መግባት ይሻላል።

ለመሄድ ያሰበ ቅዳሜን ይምረጥ፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ደርሶ ከሳሎኑ በስተ ግራ ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ይጠይቅ። ከዚያ ጭሱ አይደርስም፣ ሸራውም አያንጠባጥብም። ጃንጥላ ሲወስድ ግን የራሱ መሆኑን ይመልከት፤ እኔ እሁድ ማታ ቤቴ ስደርስ የዘረጋሁት ጥቁር ጃንጥላ እጀታው ከእንጨት ነው፤ የእኔው ደግሞ የፕላስቲክ ነበር።