«ሴንሰሩን ላጽዳልሽ» ካሏችሁ ካሜራውን ከእጃችሁ እንዳትለቁ

ሠርግ የምታነሱ፣ ስቱዲዮ ያላችሁ፣ በተለይ ለዚህ ለጥር ሠርግ ሁለተኛ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻ) ፍለጋ የወጣችሁ ልጆች፣ ይሄን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ለማንም ብር እንዳታስተላልፉ።

ያገለገለ ካሜራ ገዝቼ የተታለልኩበትን ሱቅ ስም አልጽፍም። ሕግ የምታውቅ ጓደኛዬ «ስም ጠርተሽ ከጻፍሽ ተከሳሿ አንቺ ነሽ» ስላለችኝ ነው እንጂ ቢፈቀድልኝ አጥር ላይ በቀለም እጽፈው ነበር። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ በየቀኑ «አዲስ ገባ» የሚል፣ ዋጋ ስትጠይቁት «በውስጥ አናግሩን» የሚል፣ ስትደውሉ «ኑና በዓይናችሁ እዩ» የሚል። ስትሄዱ ደግሞ ሁሉም ዕቃ «አንድ እጅ» ነው፣ ሁሉም «ስላይትሊ ዩዝድ» ነው፣ ሁሉንም ዱባይ ያለ ወንድማቸው እየመረጠ በሻንጣ ነው የሚልከው። ሠርግ አንስቶ የሚያውቅ ካሜራ እነሱ ጋር የለም። የሁሉም የቀድሞ ባለቤት እሑድ እሑድ ልጆቹን ብቻ ሲያነሳ የኖረ ፈረንጅ ነው።

«ለምን አዲስ አትገዢም?» የምትሉ ካላችሁ ከሥራው ውጪ ናችሁ ማለት ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ቦዲ ዋጋ ጠይቆ የሚመለስ እንጂ ገዝቶ የሚመለስ የሠርግ ፎቶግራፈር ብዙ አላየሁም። ደንበኛው ግን አልበሙን፣ ካንቫሱን፣ ቪዲዮውን፣ ድሮኑን ጨምሮ በካቻምና ዋጋ ነው የሚፈልገው፤ ያውም «ጓደኛዬ ከዚህ ባነሰ አሠርታለች» እያለ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ያገለገለ ላይ ነን። እኔ የፈለግኩት ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ነበር። በፈረንጆቹ 2016 የወጣ ካሜራ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ሲዞር ያገለገለው ገበያውን ሞላው። 30 ሜጋፒክሰል ነው፣ ሁለት ካርድ ይይዛል፣ ያሉኝ ሌንሶች ያለ አዳፕተር ይገጥሙለታል። ለሠርግ የሚጎድለው ነገር የለም።

ያሳዩኝ ካሜራ ደግሞ ንጹሕ ነበር። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። የራሴን 24-70 ሌንስና የራሴን ካርድ ይዤ ነው የሄድኩት። በፈጣኑም በቀርፋፋውም ሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) አነሳሁ፣ ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ ሞከርኩ፣ ፎከሱን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካሌንደር ፈተሽኩ። ሹተር ካውንቱን (እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ) በኬብል ላፕቶፕ ላይ ሰክተው አሳዩኝ፤ 21 ሺህ ገደማ ነው። ይሄ ሞዴል እንደ ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ስለማይጽፈው በኬብል ካልሆነ አይገኝም። (አንዳንዱ ሻጭ የፎቶውን ተራ ቁጥር ከፍቶ «ይኸው፣ ገና 800 ነው» ይላል። እሱ እኮ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ1 ይጀምራል!) እነዚህ ግን እንደዚያ ዓይነት ርካሽ ውሸት አልዋሹም። ቦዲው ላይ ያለው ምልክት በግራ በኩል፣ ማንገቻው የሚገባበት ቀለበት ሥር፣ ጥፍር የምታህል ቀለም መፋቋ ብቻ ነው። ሲሪያል ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይስፈርልኝ አልኩ። ባለሱቁ ካሜራውን ገልብጦ ከሥሩ እያነበበ በእጁ ጻፈው፣ ማኅተም መታበት፣ እኔም ፈረምኩ። 140 ሺህ ብር። የባንኩ መልእክት ስልኩ ላይ እስኪገባ ድረስ ካሜራው ከፊቴ አልተነሳም።

እዚህ ጋ ልብ በሉ።

አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) 22 ላይ አጥብቤ ነጩን ግድግዳ ሳነሳ ጥግ ላይ ጥቂት ጥቋቁር ነጠብጣብ አይቼ ነበር። ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ያረፈ አቧራ ነው፣ ያገለገለ ካሜራ ላይ የሚጠበቅ ነው፣ ዋጋም አላስቀነስኩበትም። ብሩ ከገባ በኋላ ባለሱቁ ራሱ አስታወሰኝ። «እህቴ፣ እንዲህ አቧራ ይዘሽማ አትወጪም። ሴንሰሩን እናጽዳልሽ፣ በነፃ ነው» አለ። ሌንሴን ፈታሁ፣ ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ልጅ የቦዲውን ክዳን ገጠመበትና ይዞት ከመጋረጃው ኋላ ገባ። ከእኔ እስከ መጋረጃው ድረስ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። አቧራ የሚነፋበት የጎማ ፓምፕ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ፉስ፣ ፉስ፣ ትንሽ ዝም፣ እንደገና ፉስ። ባለሱቁ ማኪያቶ አዘዘልኝ። ስለ እህቱ ሠርግ ያወራኝ ጀመር፤ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ መልሱንም ቅልቅሉንም እኔ ነኝ የማነሳው፣ ስንት ታስከፍያለሽ፣ ቀብድ ስንት ነው። እኔም ዋጋ ስነግረው፣ ቅናሽ ሳደርግለት ነበር። እዚያ መጋረጃ ኋላ 140 ሺህ ብሬን እየቀየሩት፣ እኔ ለሌባ እህት ሠርግ ቅናሽ!

ልጁ ሲወጣ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ገብቷል፣ ማንገቻው ታስሯል፣ ክዳኑ ዙሪያውን በቴፕ ተለጥፏል። «ፈሳሹ በደንብ ይድረቅ፣ ዛሬ ሌንስ አታድርጊበት» አለኝ። ያ ፈሳሽ በሰከንዶች ውስጥ ነው የሚተነው። ልጁ ግን ረጋ ብሎ፣ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው የተናገረው። ባለሱቁ በር ድረስ ሸኘኝ።

እሑድ ሠርግ ነበረኝ። ጠዋት ሙሽራዋ ቤት፣ ሙሽራው ገብቶ፣ ሁለቱም የአባቷን ጉልበት ስመው ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ሹተሩ ድምፁ ተለወጠ። ሁለት ሦስቴ እንደመንቀራፈፍ አለና ስክሪኑ ላይ ኤረር 30 (የሹተር ብልሽት ምልክት) መጣ። ባትሪ አወጣሁ፣ መለስኩ፣ ሠራ፤ ትንሽ ቆይቶ ያው። ያነሳኋቸውን ሳይ የምርቃቱ ፎቶ ከላይ እስከ መሐል ጥቁር ነው። የአባትየው እጅና የሙሽራዋ ቬል ይታያል፣ ፊታቸው የለም። የቀረውን ቀን በድሮው ካሜራዬና በረዳቴ ካሜራ ጨረስነው። ሙሽራዋ ማታውኑ «የአባዬን ምርቃት መጀመሪያ ላኪልኝ» ብላ ጽፋልኛለች። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አልነግራችሁም። ቀሪ ክፍያዬን አልጠይቅም፤ በምን ዓይኔ እጠይቃለሁ?

የተቀየረ መሆኑን ያወቅኩት ሌሊት ፎቶዎቹን ላይትሩም (ፎቶ የማስተካክልበት ፕሮግራም) ላይ ሳስገባ ነው። ይሄ ሞዴል የፋይል ስም ሲሰጥ መጀመሪያ ላይ የሚያደርጋቸው አራት ፊደልና ቁጥሮች አሉ። ከፋብሪካ ሲወጣ ለየካሜራው የሚሰጡ ናቸው፤ ባለቤቱ ሜኑ ገብቶ ካልቀየራቸው በቀር አይለወጡም። ሱቅ ውስጥ ያነሳኋቸው የግድግዳና የካሌንደር ፎቶዎች ካርዴ ላይ ነበሩ። የነሱ መጀመሪያ ሌላ፣ የሠርጉ ፎቶዎች መጀመሪያ ሌላ። ኤክዚፉን (ካሜራው ፎቶው ፋይል ውስጥ የሚጽፈውን መረጃ) ከፈትኩ፤ ሲሪያል ቁጥሩም ሁለት ነው። ካሜራውን ገለበጥኩት። ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር አይደለም። በማግስቱ የማምነው ጠጋኝ ጋ ወስጄ በኬብል ሲያየው ከ300 ሺህ በላይ ተተኩሷል። ካኖን ለዚህ ሹተር ዕድሜ የሚሰጠው ግምት 150 ሺህ ተኩስ ነው። መያዣው ላይ ያለው ጎማ አዲስ የሚመስለው በአዲስ ስለተለጠፈ ነው፤ ጠጋኙ ጠርዙን በጥፍሩ ብድግ ሲያደርገው ሙጫው ገና ይሸታል።

ከጠጋኙ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። እስከ በር የሸኘኝ ሰውዬ ከወንበሩ አልተነሳም። ስነግረው ስልኩን እየነካካ ሰማኝ፣ ከዚያ «ደረሰኝ» አለና እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። ካሜራውን ገለበጠ። አንዱን ጣቱን ደረሰኙ ላይ፣ አንዱን ካሜራው ሥር አድርጎ ቁጥሮቹን ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ በአንድ አነበባቸው፤ ፊደል እንደምታስቆጥሩት ሕፃን ፊቴን እያየ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ የኛ ካሜራ አይደለም።»

እኔ ለመጠበቂያዬ ብዬ ያጻፍኩት ቁጥር! እኔው ያስፈረምኩት ወረቀት! ላፕቶፔን ከፍቼ በሱቁ ውስጥ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አሳየሁት፤ ካሌንደሩ ይታያል፣ የራሱ ትከሻ ጥግ ላይ ይታያል፣ ሲሪያሉ ከደረሰኙ ጋር ይገጥማል። ሳቀ። «ታዲያ እኮ! ያነሳሽበት ካሜራ የኛ ነው፣ ተቀብለሽ ፈርመሽ ወስደሻል። አሁን ይዘሽው የመጣሽው የማን እንደሆነ አንቺ ንገሪና» አለ። መጋረጃው ኋላ የገባው ልጅ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያፏጫል። «በኪራይ ካሜራ ተቀይሮብሽ ይሆናል፣ ሠርግ ላይ እኮ ዕቃ ይደበላለቃል» ብሎ ይመክረኛል ጭራሽ! ስጮህ ባለሱቁ «ወንድ ካለ ይምጣና እንነጋገር፣ ሱቄ ውስጥ አትጩኺ» አለ። ስቱዲዮው የኔ ነው፣ ብሩ ከኔ ሒሳብ ነው የወጣው፣ ደረሰኙ በስሜ ነው። እሱ ግን ወንድ ይፈልጋል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሌላ ደንበኛ ነበር፣ ጥቁር የጀርባ ቦርሳ ያዘለ ወጣት ልጅ። ባለሱቁ ለሱ ዞሮ «ዘንድሮ ሰው ካሜራ ገዝቶ፣ በአሮጌ ቀይሮ፣ መልሱልን እያለ ነው» አለው። ልጁ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። እጁ ላይ 5ዲ ማርክ 4 ይዟል። ማንገቻ ቀለበቱ ሥር ቀለሟ የተፋቀች ቦታ ያየሁ መሰለኝ። ያው ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ገልብጬ ልየው ብዬ እጄን ስዘረጋ ባለሱቁ ከልጁ እጅ መንጭቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያ እኔን በትከሻዬ ይዘው አስወጡኝ።

ግድግዳቸው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ 813/2006፣ እንከን ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ የማለት መብት ይሰጣል፤ ማስታወቂያ መለጠፍ ይሄን አያስቀርም። እነሱ ግን ሕጉን አልተከራከሩም። ዕቃው የኛ አይደለም አሉ፣ አለቀ። ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ ነበር፤ መጀመሪያ ያዩት ደረሰኙን ነው፣ ቀጥሎ ያሉት «ቁጥሩ እኮ አይገጥምም» ነው። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ፋይሎቹን በፍላሽ አስገብቻለሁ፣ እናያለን።

ለምትገዙ፦ ካሜራው መጋረጃ ኋላ አይግባ፤ አቧራ ካለው ይዛችሁት ውጡ፣ ሌላ ቦታ አስጸዱ። ቁጥሩን ደረሰኝ ላይ ማጻፍ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ቦርሳውን ተቀብላችሁ ከባንኮኒው ሳትርቁ አውጥታችሁ ገልብጡና አንብቡት፣ አንድ ፎቶ አንሱና የፋይሉ ስም ቅድም ካነሳችሁት ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ቴፕ ከለጠፉበት እዚያው ቅደዱት። ለሌንስም ያው ነው።

ጥቁር ቦርሳ የያዝከው ወንድሜ፣ ይሄ ድንገት ከደረሰህና ከገዛህ፣ ካሜራህን ገልብጠህ ከደረሰኝህ ጋር አስተያየው። አንተ ብቻ አይደለህም፤ ከዚያ ሱቅ ዘንድሮ 5ዲ የገዛ ሁሉ ይሄን ያድርግ። ደረሰኛችሁ ላይ የተጻፈው ቁጥር መጨረሻው 0417 ከሆነ እኔ የሞከርኩትንና የከፈልኩበትን ካሜራ ነው እናንተም የሞከራችሁት፤ ቤታችሁ ያለው ግን ሌላ ነው። ያኔ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አንድ ቁጥር በሁለት ሰው ደረሰኝ ላይ፣ በሱቁ ማኅተም ከተገኘ፣ «የኛ ካሜራ አይደለም» የምትለዋን ጣቢያ መጥቶ ይድገማት።