የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ሰነድ በምን ይሠራ? ኤምኬዶክስ፣ ዶኩዊኪ፣ ሚዲያዊኪ እና ጊትሃብ ዊኪ

አራቱም የፕሮጀክት ሰነድ (የአጠቃቀም ማብራሪያ) መሥሪያዎች ናቸው፤ ለክፍት (ኮዱ ለሁሉም ይፋ ለሆነ) ፕሮጀክት በነፃ ይገኛሉ። የሚለያዩት ገጹን ማን ይጽፈዋል፣ ማንስ ያጸድቀዋል በሚለው ነው።

ኤምኬዶክስ

ሰነዱን የሚጽፉት ኮዱን የሚጽፉት ሰዎች ከሆኑ ሌላ አትፈልጉ። ፓይተን ላይ በፒፕ (በፓይተን ፕሮግራም መጫኛ) ይጫናል፤ ገጾቹ በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚቀረጽ ተራ ጽሑፍ) ተጽፈው ከኮዱ ጋር እዚያው ሪፖ (የኮዱ ማከማቻ) ውስጥ፣ ዶክስ በሚባል ፎልደር ይቀመጣሉ። አንድ ፊቸር የቀየረ ሰው ማብራሪያውን በዚያው ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ እንዲጸድቅ በሚቀርብ ጥያቄ) ያስተካክላል፣ ገምጋሚውም ሁለቱን አብሮ ያያል። ይህን ሌሎቹ አይሰጧችሁም። ከመለጠፉ በፊት በራሳችሁ ኮምፒውተር ፖርት 8000 ላይ ታዩታላችሁ፤ ሲገነባ «ስትሪክት» የሚለውን አማራጭ ከጨመራችሁ ደግሞ በገጾቹ መካከል የተሰበረ ሊንክ ካለ ግንባታው አያልፍም።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር ስታስገቡ 4 ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ በ2 ክፍት ቦታ ያማረው እዚህ ይፈርሳል። የራሳችሁን ዶሜይን የያዘው ሲኔም ፋይል ዶክስ ፎልደር ውስጥ ከሌለ፣ ወደ ጊትሃብ ፔጅስ (የጊትሃብ ድረ ገጽ ማስተናገጃ) በላካችሁ ቁጥር አድራሻው ይጠፋል። በአማርኛ የምትጽፉ ደግሞ ፍለጋውን ሞክሩት፦ በእንግሊዝኛ ደንብ ስለሚሠራ የግዕዝ ፊደልን እንደ ሥርዓተ ነጥብ ቆርጦ ይጥለዋል። ማቴሪያል የተባለው ገጽታ ይህን ቆራጭ ከማዋቀሪያው ለማውጣት ይፈቅዳል። ከኤምኬዶክስ ጋር አብሮ የሚመጣው ፍለጋ ከ3 ፊደል በታች የሆነ ቃልም አይፈልግም፤ «ኮድ» እና «ስም» እዚያው ይቀራሉ፣ ገደቡን ወደ 2 አውርዱት።

ዶኩዊኪ

ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) የማያውቁ ተጠቃሚዎችና ተርጓሚዎች እንዲጽፉ ከተፈለገ ይሻላል። ፒኤችፒ ያለው ተራ ሆስቲንግ ይበቃዋል። ዳታቤዝ ስለሌለው ባክአፕ ማለት ዳታ እና ኮንፍ የሚባሉትን ፎልደሮች መቅዳት ነው። ከጫናችሁ በኋላ የመጫኛውን ፋይል ሰርዙ፤ ዳታ ፎልደሩ በብሮውዘር እንደማይከፈትም አረጋግጡ፣ አለዚያ የተከለከለ ገጽ ሁሉ በግላጭ ይነበባል። ፈቃዱ በቁጥር ነው፦ ማንበብ 1፣ ማረም 2፣ መፍጠር 4፣ ፋይል መጫን 8፣ መሰረዝ 16። ለሁሉም ሰው 1፣ ለተመዘገበ 8 በቂ ነው። አንዱ ገጽ ከፍቶ ሲያርም ለሌላው በነባሪ ለ15 ደቂቃ ይቆለፋል።

ሚዲያዊኪ

የዊኪፔዲያ ሞተር ነው፤ የውይይት ገጽና የትርጉም ማስፋፊያ አለው። ለ30 ገጽ ሰነድ ግን ከልክ ያለፈ ሸክም ነው፤ ዳታቤዝ ይፈልጋል፣ ቨርዥኑ በተቀየረ ቁጥርም የማሻሻያ ስክሪፕቱ መሮጥ አለበት። በነባሪ ማንም ሳይመዘገብ ያርማል፤ ያንን ሳትዘጉ ለሕዝብ ካወጣችሁት ስፓም ይወርሰዋል።

ጊትሃብ ዊኪ

መጫን አያስፈልገውም፤ ለአምስት ስድስት ገጽ ይበቃል። ፑል ሪኩዌስት ግን የለውም። ፕሮጀክቱ 500 ኮከብ ካልሞላ ወይም ዊኪው ለሁሉም አርታዒ ክፍት ከሆነ የፍለጋ ሞተሮች አይመዘግቡትም። መውጫው ግን ቀላል ነው፦ ዊኪው ራሱን የቻለ የጊት ሪፖ ስለሆነ ክሎን አድርጋችሁ (ሙሉ ቅጂውን ወስዳችሁ) ማርክዳውኑን ወደ ኤምኬዶክስ መገልበጥ ነው፤ በገጾች መካከል ያሉትን ሊንኮች ብቻ ታስተካክላላችሁ።