የሺያ ቅቤ በደሴ ብርድ፦ ለተረከዝ እንጂ ለፊት አይደለም

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የደሴ ብርድ እጄ ነጭ እስኪሆን ይሻክራል፣ ተረከዜም ይሰነጠቃል፤ እስካሁን የምቀባውም ቫዝሊን ነበር። ዘንድሮ ፒያሳ አካባቢ ካለ መደብር ያልተጣራ የሺያ ቅቤ፣ ባለ 200 ግራሙን ጣሳ ገዝቼ ሦስት ወር ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ።

ሺያ በእኛም አገር በጋምቤላ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ቅቤው የሚወጣው ከፍሬው ውስጥ ካለው ለውዝ መሰል ዘር ነው። ከያዛቸው ቅባቶች አንዱ፣ ስቴሪክ የተባለው አሲድ፣ በብርድ እንዲጠጥር ስለሚያደርገው ጠዋት ጠዋት ጣት አይገባበትም። በማንኪያ ጫፍ ፍቄ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህለውን ፍርፋሪ በሁለት መዳፌ መካከል ሳሻት ግን ወዲያው ትቀልጣለች።

በመጀመሪያው ሳምንት በደረቅ ቆዳ ላይ እየቀባሁት ከማብለጭለጭ በቀር ምንም አልፈየደኝም። ይህ ቅቤ በቆዳ ላይ ያለው ውኃ እንዳይተን ይሸፍናል እንጂ ከራሱ ውኃ አይጨምርም። ስለዚህ ማታ እግሬን በሞቀ ውኃ ታጥቤ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቀብቼ፣ ካልሲ አድርጌ መተኛት ጀመርኩ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብርድ ልብሱን ይይዝ የነበረው የተረከዜ ስንጥቅ ገጠመ። ቫዝሊን ይህን ያህል አለስልሶልኝ አያውቅም።

ወዛም የሆነው ፊቴ ግን አልተቀበለውም፤ ግንባሬና አገጬ ላይ ብጉር አወጣብኝና ተውኩት። ጢስ ጢስ የሚለው ሽታውም ለሁሉም አይስማማም፣ ነጠላ ላይ ከነካ ደግሞ የቅባቱ ምልክት በቀላሉ አይለቅም። የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ባይቀባው ይሻላል።

ለሥራ ኮምቦልቻ ይዤው ስወርድ፣ ገና ሐረጎን እንዳለፍን በቦርሳዬ ውስጥ መላላት ጀምሮ ማታ ግማሹ ቀልጦ አገኘሁት። ደሴ ተመልሶ ቀስ ብሎ ሲረጋም እንደ ጥሬ ስኳር ቆረቆረ። አልተበላሸም፤ ጣሳውን በሞቀ ውኃ ውስጥ አቁሜ ሙሉ በሙሉ ካቀለጥኩት በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቶሎ እንዲረጋ ሳደርግ ልስላሴው ተመለሰ። ለኮምቦልቻ ሙቀት ግን ቀን ቀን የሚቀባ ነገር አይመስለኝም፣ ይከብዳል።

ያሳዘነኝ የሻጩ ቃል ነው፦ ማድያት ያጠፋል፣ ከፀሐይም ይከላከላል ብሎኝ ነበር። ማድያት ያለበት ሰው ይህን አምኖ የፀሐይ መከላከያውን ቢተው ጉዳቱ የራሱ ነው፤ ቅቤው ያለው የመከላከል አቅም እጅግ አነስተኛ ነውና። ጣሳው ላይም የተመረተበት ቀን አልተጻፈም፤ ይህ ቅቤ ደግሞ ሲቆይ እንደ ከረመ ዘይት ይሸታል። ለእግሬና ለእጄ ድጋሚ እገዛዋለሁ፣ ክዳኑን አስከፍቼ ሳላሸት ግን ገንዘብ አልከፍልም።