ኤልኤም 317 ድራይቨር ከወራት በኋላ፦ ዳዮዱ አልሞተም

ዳዮዱ አልሞተም። የሌዘሬ ዳዮድ፣ ብርሃኑን የሚያመነጨው ትንሽ ቁራጭ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ከተማሪ እጅ ወደ ተማሪ እጅ ሲዞር፣ ሲወድቅ፣ ሲበራ ሲጠፋ ከርሞ አልሞተም። ይሄን ብቻ ጽፌ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን በሐሳቤ ሁሌ የምከራከረው አንድ ዕቃ ሻጭ አለ። ስለ ኤልኤም 317 ቺፕ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የአባቶቻችን ዘመን ዕቃ ነው፤ ዘመናዊውን ውሰድ» ያለኝ። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

ጉዳዩ በእጅ የሚያዝ ቀይ ሌዘር ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት። ጅማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ብርሃን ሞገድ ነው ስትላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አያምኑህም። ማሳየት የግድ ነው። ሱቅ ያለው የቁልፍ መያዣ ሌዘር ለዚህ አይሆንም። አብዛኛው ውስጡ ሦስት ትንንሽ የሰዓት ባትሪና አንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ቁራጭ) ነው ያለው፤ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ይፈዛል። እኔ 650 ናኖሜትር የሆነ፣ 5 ሚሊዋት የማይሞላ ዳዮድ ገዝቼ አሮጌ የእጅ ባትሪ ቀፎ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በላይ ጉልበት ያለው ሌዘር ተማሪ ባለበት ክፍል አላስገባም። ይሄኛውም ቢሆን ወደ ሰው ፊት አይዞርም፤ ያዞረ ተማሪ ሁለተኛ አይነካውም።

ዳዮድ መምረጥ ቀላል ነው። ራስ ምታቱ ድራይቨሩ ነው፤ ባትሪውና ዳዮዱ መካከል ሆኖ ከረንቱን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) የሚመጥነው ሰርኪት።

ምክንያቱም የሌዘር ዳዮድ ጠባየ ክፉ ነው። አምፖል ሲግል ራሱ ከረንቱን ይገታል። ዳዮድ ግን ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል። ቮልቴጁን ቋሚ አድርገህ ከሰጠኸው ከረንቱ ይጨምራል፤ ከረንቱ ሲጨምር ይብስ ይሞቃል፤ እንዲህ እያለ ራሱን ይጨርሳል። ስለዚህ የሚመጠነው ከረንቱ ነው። ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አያውቅም። ከማይክሮሰከንድ ላነሰች ጊዜም ቢሆን ከመጠን ያለፈ ከረንት ከገባበት፣ ብርሃኑ የሚወጣበት የክሪስታሉ ጫፍ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላም ይበራል፤ ቀይም ነው። ግን ሌዘርነቱ አብቅቷል፤ ተራ ኤልኢዲ ሆኗል።

መጀመሪያ የገዛሁት ዝግጁ ቦርድ ነበር። ጥፍር የምታክል ነገር ናት፤ ቡስት ይሏታል። በአንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። ቀይ ዳዮድ 2.2 ቮልት አካባቢ ስለሚፈልግ አንድ ድንጋይ አይበቃውም፤ ቡስቷ ግን ቮልቴጁን ከፍ አድርጋ ትሰጠዋለች። እውነቱን ለመናገር ያጓጓል። ድንጋይ የትም ኪዮስክ አለ፤ መብራት ቢጠፋም ቻርጅ ፍለጋ አትንከራተትም። (ግልገል ጊቤ ግድብ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ መብራት ለምን እንደሚጠፋብን የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ቡና እኔ ነኝ የምጋብዘው።)

ሻጩ ያልነገረኝ ነገር አለ። ይህች ቦርድ መውጫዋ ላይ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ አላት። ከረንት ሲያንስባት ደግሞ ሥራዋ ቮልቴጅ መጨመር ነው። ወደ ዳዮዱ የሚሄደው ገመድ ለአፍታ ቢላቀቅ ከረንቱ ዜሮ ይሆናል። ቦርዷ ምን ታድርግ? ትጨምራለች፣ ትጨምራለች፣ ካፓሲተሩን ጢም አድርጋ ትሞላለች። ገመዱ ተመልሶ ሲነካካ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ነገር በአንዴ ዳዮዱ ላይ ይወርዳል።

ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ዕቃ ይሄ ላያሳስብ ይችላል። በእጅ የሚያዝ ነገር ግን ይነቀነቃል። የኔን ከፍቼ ሳየው ቀዩ ገመድ ብየዳው ጋ ሲደርስ ፕላስቲኩ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ክሮቹ አንድ በአንድ ተበጥሰዋል። የቀሩት ሁለት ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ አንዴ ነክተው አንዴ የሚለቁ። ያ የመጀመሪያው ዳዮዴ ከመሞቱ በፊት ብልጭ ድርግም ሲል ነበር። ያኔ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ፤ መዳፌ ላይ መታ መታ። ደምቆ በራ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያረፈው ነጥብ ሳይሆን የፈዘዘ ቀይ ደመና ሆነ። አዲስ ዳዮድ ገዝቼ ከመግጠሜ በፊት የቦርዷን መውጫ ባዶውን በቴስተር ለካሁት። ከ10 ቮልት በላይ። 2.2 ቮልት ለሚፈልግ ዳዮድ!

ሻጩ ጋ ይዤ ሄድኩ። ቦርዷን አገላብጦ አየና «ዳዮዱ ነው የተበላሸው፤ ቦርዱ ደህና ነው» አለኝ። ቦርዱማ ደህና ነው። ገዳዩ ደህና ነው፤ የሞተው ሌላው ነው!

ወደ ኤልኤም 317 የመጣሁት በዚህ ንዴት ነው። ሮበርት ዶብኪን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ውስጥ የነደፈው ቺፕ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ «የአባቶቻችን ዘመን» ማለቱ ልክ ነው። ሦስት እግር አለው፤ እንደ ጅማ በርጩማ የትም ብታስቀምጠው አይወላገድም። ዋና ሥራው ቮልቴጅ መመጠን ነው፤ አንድ ሬዚስተር ስትጨምርለት ግን ከረንት መጣኝ ይሆናል። በመውጫ እግሩና በማስተካከያ እግሩ መካከል ሁልጊዜ 1.25 ቮልት እንዲኖር ያደርጋል። እዚያ መካከል ሬዚስተር ከተከልክ፣ የሚያልፈው ከረንት 1.25 ለሬዚስተሩ ሲካፈል ነው። የኔ ዳዮድ 35 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው የሚፈልገው። 36 ኦም ሲገባ 34.7 ሚሊአምፔር ይሰጣል። አለቀ። በስክሩ የሚዞር ማስተካከያ የለውም፤ በጅማ እርጥበት መነካኪያው የሚዝግ ነገር የለውም።

ያስገረመኝ ግን ሒሳቡ አይደለም። የጀርባው ማብሪያ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላላ። ስትነቀንቀው ይበራል ይጠፋል። ከወለል ጋር ተላትሞ ያውቃል። አንድ ጊዜ ወደ ዳዮዱ የሚሄደው ገመድ ራሱ ከብየዳው ተላቆ አገኘሁት፤ ያው የድሮው በሽታ፣ ያው ቦታ። ልቤ ድክም አለ። መልሼ በየድኩት፤ አበራሁት። ነጥቡ ግድግዳው ላይ ጥርት ብሎ ቁጭ አለ።

ለምን ተረፈ? ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ 36 ኦሙ ሬዚስተር ከረንቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው ያለው። ምንም ነገር በአንዴ ልለፍ ቢል እሱን ማለፍ አለበት። ሁለተኛውና ዋናው፣ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሩን የበየድኩት ድራይቨሩ ላይ ሳይሆን ዳዮዱ እግሮች ላይ ነው። ገመዱ ሲላቀቅ ካፓሲተሩ ከዳዮዱ ጋር ይቀራል፤ ያለችውን በዳዮዱ በኩል ያፈሳል እንጂ አያጠራቅምም። ገመዱ ሲመለስ ከረንቱ መጀመሪያ እሱን መሙላት አለበት፣ ያውም በ36 ኦም በኩል። ዳዮዱ ቀስ ብሎ ይነቃል። ያው አንድ ካፓሲተር ነው። ከገመዱ ወዲህ፣ ድራይቨሩ ጋ ከሆነ ይገድላል፤ ከገመዱ ወዲያ፣ ዳዮዱ ጋ ከሆነ ያድናል። ድራይቨር ልትገዛ ስትሄድ ስለ ዋጋው ከመከራከርህ በፊት ካፓሲተሩ የት እንዳለ እይ። (ስትበይድ ደግሞ የዳዮዱን እግሮች በቀጭን የመዳብ ክር አስረህ በይድ፤ ክሩን የምትፈታው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ከሹራብህ የሚነሳ ስታቲክ ብቻውን ሊገድለው ይችላል።)

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው። ከረንቱን ለማየት ገመድ መቁረጥ አያስፈልግም። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች 36 ኦሙ ላይ ታሳርፋለህ። 1.25 ቮልት ካየህ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነው። ሰሞኑን ከፍቼ ለካሁት። 1.25።

አሁን ሻጩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ኃይል ያባክናል።» ያባክናል፤ ልክ ነህ። ሁለት ሊትየም ባትሪ 7.4 ቮልት ነው፤ በ35 ሚሊአምፔር ሲባዛ 0.26 ዋት ይሆናል። ዳዮዱ ጋ የሚደርሰው 0.08 ዋት አካባቢ ነው። ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ታዲያ ምን ይጠበስ? ቺፑን በጣትህ ብትነካው ለብ ብሏል፤ ሌላ ማቀዝቀዣ አልገጠምኩለትም። ከሞተ ላፕቶፕ ያወጣኋቸው 18650 የሚባሉ ሊትየም ባትሪዎች አርጅተው 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢቀራቸው እንኳ ከ50 ሰዓት በላይ ያበሩታል። እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አላበራውም። በዚህ ሒሳብ ብክነቱን ይቅር ብየዋለሁ።

1 አምፔር የሚፈልግ ዳዮድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ላይ 317 ካውያ ይሆናል፤ ባክ የሚባለው፣ ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርገው ድራይቨር ይሻላል። ሰማያዊው 450 ናኖሜትር ደግሞ ከ4 ቮልት በላይ ስለሚፈልግ በአንድ ሊትየም ባትሪ ያለ ቡስት አይነሳም። ያን ዓይነቱን ጉልበት የሚፈልግ ሰው ሌላ ሰው ይጠይቅ። ከግድግዳ ላይ ነጥሮ የመጣው ብርሃኑ ሳይቀር ዓይን ሊጎዳ ይችላል። የአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከተማው ውስጥ ነው፤ የኔን ትንሿን ሌዘር እንኳ ሲመሽ ወደ ሰማይ እንዲያነሱ አልፈቅድም።

የሚያናድደኝ ባትሪው ነው። ይሄን አልደብቅም። 317 ከዳዮዱ በላይ ለራሱ ወደ 3 ቮልት የሚጠጋ ይፈልጋል፤ 1.25ቱን ጨምሮ። 2.2 ሲደመር 5.2 ነው። አንድ ሊትየም ባትሪ ሞልቶ 4.2 ነው፤ አይበቃም። ስለዚህ ሁለት የግድ ይላል። ሁለት 18650 በተርታ 13 ሴንቲሜትር ነው፤ ቀፎው ረዘመ፣ ከበደ፣ ኪስ አይገባም። ሁለቱ እኩል ያረጁ መሆን አለባቸው፤ ለየብቻ ቻርጅ ይደረጋሉ። መብራት በጠፋ ሳምንት ቻርጅ ፍለጋ እዚሁ ጅማ ከፍራንኮ እስከ መርካቶ ጄኔሬተር ያለበት ካፌ መዞር አለ። አራት ድንጋይ አስገብቼም አይቻለሁ። አዲስ ሲሆኑ 6 ቮልት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ1.3 ሲወርዱ ሌዘሩ መፍዘዝ ይጀምራል፤ ድንጋዮቹ ገና ሬዲዮ የሚያጫውቱ ሆነው። ተውኩት። በሊትየሞቹ ግን የሚፈዘው እያንዳንዳቸው 2.6 ቮልት አካባቢ ሲደርሱ ነው፤ ከዚያ በታች ደግሞ ባይወርዱ ይመረጣል። ሲፈዝ አውጥቼ ቻርጅ አደርጋለሁ። ይሄ ማንም ያላሰበው ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል ላይ፣ በተለይ ብርድ ሲሆን፣ ነጥቡ ከቀትሩ ይደምቃል። ብልሽት አይደለም። ዳዮዱ ሲቀዘቅዝ በዚያው ከረንት የበለጠ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑን ራሱ እያየ የሚመጥን ድራይቨርም አለ፤ ዳዮዱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ብርሃን ተቀባይ ይጠቀማል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የተቀባይዋ ገመድ እስኪበጠስ ድረስ። ከተበጠሰ ሰርኪቱ ጨለማ ነው ብሎ ያስብና ከረንት ይጨምራል። አሁንም ገመድ! አልፈልግም፤ ጠዋት ትንሽ ይድመቅ።

ሥራውንማ ይሠራል። ሲዲ ላይ ስታበራው ዋናው ነጥብ ከነጠረበት ግራና ቀኝ ሌሎች ነጥቦች ይወጣሉ። የሲዲው መስመሮች በ1.6 ማይክሮሜትር ይራራቃሉ፤ ብርሃኑን ቀጥ አድርገህ ከጣልክበት 1 ሜትር ርቆ ባለ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ነጥብ ከመሃሉ 44 ሴንቲሜትር አካባቢ ያርፋል። ተማሪዎቹ በማስመሪያ ለክተው የሞገዱን ርዝመት ራሳቸው አሰሉት፤ 650 አካባቢ ገቡ። ሲዲ ምን እንደነበረ ማስረዳቱ ከፊዚክሱ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ።

አጋሮ የሚያስተምር ጓደኛዬ አይቶ ወደደው፤ ለእሱም አንድ እየሠራሁ ነው። ያው 317፣ ያው 36 ኦም፣ ካፓሲተሩም ዳዮዱ እግር ላይ። የምቀይረው የጀርባውን ማብሪያ ብቻ ነው፤ የሚጫነውን ትቼ የሚጠመዘዝ አደርግለታለሁ።