«ሙሉ ሰርቪስ የተደረገ» የፒስተን ብዕር ውሃ ሳታስጠጡ ብር እንዳትልኩ

ሰላም ወገን። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ቢረዝምም ቻሉኝ። ቴሌግራም ላይ አሮጌ የጀርመን የቀለም ብዕር እያመጡ የሚሸጡ ቻናሎች በዝተዋል፣ አንዳንዶቹ ደህና ሰዎች ናቸው፣ እኔ ግን ደህና ያልሆነው እጅ ላይ ወደቅሁ። ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ ብጠራው ነገ በሌላ ስም ይከፍታል። ማወቅ ያለባችሁ ዘዴውን ነው።

ማስታወቂያው «ኦሪጅናል ፔሊካን 140፣ የ14 ካራት ወርቅ ኒብ፣ ታጥቦ ተፈትሾ ሙሉ ሰርቪስ የተደረገ፣ 9,500 ብር» ይላል። ኒብ የሚሉት የብዕሩን መጻፊያ ጫፍ ነው። አረንጓዴ መስመር መስመር ያለው ገላ፣ ክሊፑ ስሟን የወሰደላትን የፔሊካን ወፍ ምንቃር የመሰለ፣ ቆንጆ። አስተማሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳርም ነው የምውለው፣ እንደዚህ አይነት ብዕር ስንት ዓመት ስመኝ ኖሬያለሁ፣ እና ሰው የሚመኘውን ሲያይ አይኑ ይጨፈናል፣ የኔም ተጨፈነ።

ለማታውቁት፣ የፒስተን ብዕር ማለት ካርትሪጅ (ተቀያያሪ የቀለም ቀፎ) የሌለው፣ ገላው ራሱ የቀለም በርሜል የሆነ ብዕር ነው። ጭራው ላይ ያለችውን ጉብ ያለች ነገር ስታዞሯት ውስጥ ያለው ፒስተን ወደ ኒቡ ይወርዳል፣ ኒቡን ቀለም ውስጥ ነክራችሁ መልሳችሁ ስታዞሩ እያፈገፈገ ቀለሙን ይስባል፣ በቃ መርፌ ማለት ነው። ፔሊካን ይሄን ዘዴ ቴዎዶር ኮቫች ከሚባል የሃንጋሪ ኢንጂነር ፓተንት ወስዶ እንደ ፈረንጆቹ በ1929 ገበያ ላይ አዋለው፣ 140ው ደግሞ የ1950ዎቹ እቃ ነው። ስለዚህ የገዛሁት ነገር ከኔ በእድሜ ይበልጣል፣ በዚህ እድሜ ደግሞ ፒስተኑ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ደህና መሆን አለመሆኑ ነው ሁሉም ነገር። ኒቡ ወርቅ ቢሆን፣ ገላው ቢያብረቀርቅ፣ ጎሚኒው ካለቀ ብዕሩ ጌጥ ነው።

ተቀጣጥረን ካፌ ተገናኘን። ልጁ ጨዋ ነው፣ «ጋሼ» እያለ ቁጭ ብድግ ይላል። ብዕሩን አወጣ፣ ቀለም ተሞልቶ ነው የመጣው፣ የደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈልኝ፣ እኔም ስሜን ጻፍኩ፣ ወገን ምን ልበላችሁ ኒቡ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። 585 የሚል ማህተምም አለው፣ ይሄ ማለት ከሺህ 585ቱ ወርቅ ነው፣ 14 ካራት፣ እሱ ላይ አልዋሸም። ከዛ ጭራውን ላዞረው ስል እጄን ቀስ አድርጎ ያዘና «ጋሼ አሁን ሞልቼዋለሁ፣ ቢያዞሩት ቀለሙ ልብስዎ ላይ ይደፋል» አለኝ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። አሳቢ ልጅ ነው ብዬ አመሰገንኩት እኮ! በቴሌብር ላክሁለት፣ የቡናውንም እኔ ከፈልኩ።

ዘዴው ይሄው ነው። ቀለም ተሞልቶ የሚመጣ የፒስተን ብዕር ፒስተኑን መሞከር አትችሉም፣ የማይዞር ፒስተን ያለው ብዕር ደግሞ በሲሪንጅም ተሞልቶ አንድ ሁለት ቀን ቆንጆ አድርጎ ይጽፋል።

በሁለተኛው ቀን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳርም አውራ ጣቴ ወይን ጠጅ ሆነ። ከኒቡ መስሎኝ ጠረግኩት፣ ከኒቡ አይደለም፣ ከጭራው ነው። ቀለሙ ፒስተኑን አልፎ ከኋላ እየወጣ ነው። ከትናንት ወዲያ የጻፍኩትንም ገጽ በጣቴ ብነካው ተነጀሰ፣ ያልደረቀ! አሸተትኩት፣ ቀለሙንም በደንብ አየሁት፣ የማህተም ቀለም ነው። እዛ ቢሮ ውስጥ ክብ ማህተም የሚረገጥበት። ለምን እሱን እንደሞላበት ቆይቶ ገባኝ መሰለኝ፣ ወፍራም ስለሆነ ባለቀው ጎሚኒ በኩል እንደ ውሃማ ቀለም ወዲያው አያፈስም፣ ገዢው ቤቱ እስኪደርስ ያደርሳል።

ጭራውን ላዞር ሞከርኩ፣ ንቅንቅ የለም።

ደወልኩ። «ጋሼ ከፍታው ነው፣ አዲስ አበባ እኮ ተራራ ላይ ነው፣ የፈረንጅ ብዕር እዚህ ያፈስሳል» አለኝ። ይሄ ውሸት የሚያሳምነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ከድሬዳዋ ግማሽ ቀለም ያለው ብዕር ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ አዲስ አበባ ብትመጡ፣ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ወደ 2,300 እና ከዛ በላይ ስለምትወጡ የውጪው አየር ይሳሳና ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ተለጥጦ ቀለሙን ይገፋዋል፣ አውሮፕላን ላይም እንደዛው፣ ለዛ ነው ወይ ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ወይ ባዶ አድርጋችሁ ኒቡን ወደ ላይ አቁማችሁ የምትጓዙት። ግን ያ የሚሆነው ስትወጡ ነው፣ ሲገፋም በኒቡ በኩል ነው የሚገፋው። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ ያፈሰሰውም በጭራው ነው። ይሄን ስነግረው ዝም አለና «በቃ ያምጡት፣ 1,500 ብር ብቻ ይጨምሩ፣ በደንብ አጥቤ እሰጥዎታለሁ» አለ።

ሙሉ ሰርቪስ ተደርጓል ያለው ልጅ ነው እንግዲህ። እና ሰጠሁት። አዎ፣ ሳቁብኝ።

ከአራት ቀን በኋላ መለሰልኝ። ያ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ገላ ትንፋሽ እንደነካው መስታወት ደብዝዟል፣ ጠረጴዛ ላይ ሳንከባልለው እንደ ጎባጣ እርሳስ እየተወላከፈ ይንከባለላል። አፍንጫዬ ስር ሳስጠጋው ቫዝሊን ቫዝሊን ይሸታል። ምን አደረግከው ስለው በኩራት ነው የነገረኝ፣ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ በአልኮል አጠብኩት፣ ፒስተኑን በፒንሳ አስለቀቅኩት፣ ከዛ ቫዝሊን ቀባሁት።

አራቱም ጥፋት ነው። የብዙዎቹ የድሮ ብዕሮች ገላ ከሴሉሎስ ዘር የሆነ ፕላስቲክ ነው፣ የፈላ ውሃ ያጣምመዋል፣ አልኮል ደግሞ ላዩን ይበላውና ያደበዝዘዋል፣ ከዛ በኋላ የፈለገ ቢወለወል አይመለስም። ከኒቡ ስር ያለችው ጥቁሯ ምላስ፣ ፊድ የሚሏት፣ በብዙዎቹ የድሮ ብዕሮች ላይ ከኢቦናይት፣ ማለትም ከጠንካራ ጎማ ነው የተሰራችው፣ ሙቅ ውሃ ቀለሟን ያስለቅቃል። ፒንሳ ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልገኝም። ቫዝሊን ነዳጅ ዘር ስለሆነ ጎማ ነክ ነገርን ያሳብጣል ያላሽቃል፣ በዛ ላይ ወደ ቀለሙ ይገባና ቀለሙ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ይቀራል፣ ወደ ኒቡም አይወርድም። እኛ አገር ቫዝሊን ለሁሉም ነገር መድሀኒት ነው፣ ለዚህ ግን አይደለም።

አሁን ስለ እጥበቱ። በእጃችሁ ያለ የፒስተን ብዕር ካለ ማንም ብር ከፍላችሁ እንዲያጥብላችሁ አያስፈልግም፣ ሞኝነት ነው። የሚያስፈልገው ለብ እንኳን ያላለ ተራ ውሃ ነው። ቀለሙን አስወጡ፣ ኒቡን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ ስባችሁ አስወጡ፣ ስባችሁ አስወጡ፣ አስርም ሃያም ጊዜ ይሁን፣ ውሃው ጥርት እስኪል። ጥርት ያለ ሲመስላችሁ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ሰዓት ተዉትና እንደገና አስወጡት፣ ፊዷ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ቀለም ያኔ ነው የሚወጣው። በመጨረሻ ሶፍት አጥፋችሁ ሲኒ ውስጥ አድርጉና ብዕሩን ኒቡን ወደ ታች አቁማችሁ አሳድሩት፣ ሶፍቱ የቀረውን ይመጥጠዋል። በየወሩ ወይ በየወር ተኩሉ ይሄን ካደረጋችሁ፣ ቀለም በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ የግድ፣ ብዕሩ ከናንተ በላይ ይኖራል።

ቀለም ደርቆበት ከሆነ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ፣ አንድ ጠብታ ነው ያልኩት፣ ላርጎ ጨምራችሁ በዛ እጠቡት፣ ከዛ በንጹህ ውሃ ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግማችሁ። ካልለቀቀ ቀን ሁለት ቀን ኒቡን ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ትዕግስት ነው። በረኪና በፍጹም፣ አንዳንዱ አሞኒያ በውሃ አቅጥኖ ይጠቀማል፣ ያንን ከበረኪና ጋር የቀላቀለ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ለብዕሩ ሳይሆን ለራሱ ነው የሚያሰጋው። ፒስተኑ ካልዞረ አታስገድዱት፣ ውስጡ ያለው ጥርስ ይበላል ወይ ይሰበራል፣ ቀድማችሁ ዘፍዝፉት።

ሲዞር እየከበደ ከመጣ ግራሶ ፈልጎ ነው፣ ግን ንጹህ የሲሊኮን ግራሶ፣ የመኪና አይደለም። የፔሊካን ኒብ ከነፊዱ በብሎን የሚፈታ ስለሆነ፣ መጀመሪያ በውሃ ዘፍዝፋችሁ ኒቡንና ፊዱን አንድ ላይ በጣታችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ ፍቱት፣ በስቴኪኒ ጫፍ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ግራሶ በርሜሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቀቡና ፒስተኑን ወደ ላይ ወደ ታች አመላልሱት። በዓመት አንዴ ይበቃል። የሁሉም ብዕር ኒብ እንዲህ አይፈታም፣ ያላወቃችሁትን አትፍቱ። ትዊስቢ የሚባለው የታይዋን የፒስተን ብዕር ብዙ ጊዜ መፍቻውና ግራሶው ከነካርቶኑ አብሮ ነው የሚመጣው፣ ውጪ ዘመድ ያላችሁ ጀማሪዎች ከአሮጌ ጀርመን ይልቅ እሱን አስመጡ፣ እኔ ይሄን ምክር ቀድሜ ብሰማ ኖሮ እያልኩ ነው።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልበል፣ አንድ ወዳጄ የብራና ቀለም ሞልቶ ብዕሩን ስላደረቀው። የአባቶች ቀለም ከጥላሸት ነው የሚዘጋጀው፣ ለመቃ ብዕር ነው የተፈጠረው፣ መቃን ቢደርቅበት ትፍቁታላችሁ ትቀርጹታላችሁ፣ የፊድን ቀጭን ቦይ ግን በምን ትፍቁታላችሁ። የኢንጂነሮቹ ቻይና ኢንክም እንደዛው። ለፋውንቴን ፔን ተብሎ የተሰራ ቀለም ብቻ።

እሺ፣ ልትገዙ ስትሄዱስ? ትንሽ ጠርሙስ ውሃ እና ሶፍት ይዛችሁ ሂዱ። ቀድማችሁ «ባዶ አድርገህ አምጣ» በሉት፣ እምቢ ካለ እዛው ላይ አለቀ፣ ታክሲ አታባክኑ። ባዶውን ብዕር ጭራውን ራሳችሁ አዙሩ፣ ለስለስ ብሎ ትንሽ ታገል እያደረገ መዞር አለበት፣ ምንም ሳይታገል ፈታ ፈታ ካለም ጥሩ ምልክት አይደለም። ኒቡን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሳቡ፣ ወደ ብርሃን አንሱት፣ መስመር ያለው ገላ ውስጡን ያሳያል፣ ውሃው እስከ ፒስተኑ ደርሷል ወይስ ግማሹ አየር ነው? ከዛ ብዕሩን ጭራውን ወደ ታች አድርጋችሁ ሶፍት ላይ አቁሙትና ቡናችሁን ጠጡ። ሳትቸኩሉ ጠጡ። ሶፍቱ ከረጠበ ወይ ከፒስተኑ ጀርባ ጠብታ ካያችሁ ጎሚኒው አልቋል፣ ሻጩ ምንም ቢል አልቋል። ሶፍቷ ምንም ካልነካት ያኔ ስለ ዋጋ አውሩ።

እግረ መንገዴን፣ ሞንብላንክ 149 የሚባለው ሌላ የጀርመን ብዕር ነው ብለው ፎርጅድ እያዞሩ የሚሸጡም አሉ። ኒቡ ላይ 4810 ተጽፏል ብላችሁ እንዳትታለሉ፣ ያ ቁጥር ብዕሩ ስሙን የወሰደበት የሞንብላን ተራራ ከፍታ በሜትር ተብሎ የሚታወቀው ነው፣ ፎርጅዱም ላይ ይቀረጻል። እውነተኛው 149 እንደ ፈረንጆቹ ከ1952 ጀምሮ ፒስተን ነው። ገላውን ፈትታችሁ ውስጡ ካርትሪጅ ወይ ኮንቨርተር (በካርትሪጅ ቦታ የሚገባ ቀለም መሳቢያ) ካገኛችሁ መልሳችሁ ግጠሙለትና ደህና ዋል በሉት።

ብሩን እንዲመልስ ጠየቅኩት። «ጋሼ ተጠቅመውበታል እኮ» አለኝ፣ ቀጥሎ ብሎክ አደረገኝ። 11,000 ብር ማለት ነው በድምሩ። ጎሚኒ የሚቀይር ሰው ባገኝ እንኳን የተጣመመው በርሜል ውስጥ ፒስተኑ ስለማይሄድ ዋጋ የለውም፣ ኒቡን ብቻ ፈትቼ ፖስታ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ትናንት በእህቴ ልጅ ስልክ ቻናሉን ከፍቼ አየሁ። ያው ፎቶ አሁንም ተለጥፏል፣ ክሊፑ ምንቃር ላይ ያለችው ጭረት ሳትቀር፣ «ሙሉ ሰርቪስ የተደረገ፣ አንድ ፍሬ ብቻ የቀረ»። ዋጋው 12,000 ገብቷል። ብዕሩ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።