«499 ዩዋን ብቻ» የተባለው የጉይሊን ጉዞ፦ ጓንዡ የምትመላለሱ ተጠንቀቁ

ቻይና፣ ጓንዡ ለዕቃ የምትመላለሱ፣ በተለይ በካንቶን ፌር (የጓንዡ ትልቁ የንግድ ትርኢት) ሰሞን የምትመጡ እህት ወንድሞች፣ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ። በዊቻት ግሩፖቻችን ላይ የሚዞር አንድ ማስታወቂያ አለ። ሹል ሹል ያሉ አረንጓዴ ተራሮች፣ በመሀላቸው የሚጠማዘዝ ወንዝ፣ ከላይ ጭጋግ። ከሥሩ «ጉይሊን፣ 3 ቀን 2 ሌሊት፣ ሆቴል፣ ምግብ፣ የጀልባ ጉዞ፣ ሁሉንም ያካተተ፣ 499 ዩዋን ብቻ» ይላል። እኔና አብረውኝ ዕቃ የሚገዙ አንድ ጋሼ ከፍለን ሄድን። ተበላን።

የሻጩን ስም እዚህ አልጽፍም። ያው ማስታወቂያ በሦስት አራት ስም ሲዞር ስላየሁት ስም ይዞ መጠንቀቅ ብዙ አይጠቅምም። መልኩን ልንገራችሁ፣ እሱ አይቀየርም።

ካንቶን ፌርን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በሦስት ዙር ነው የሚካሄደው። በዙሮቹ መሀል ሦስት ሦስት ቀን ትርኢት የሌለበት ዕረፍት አለ። የምፈልገውን ዕቃ ለማየት የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ ነበረብኝ። ሆቴል ውስጥ ተኝቶ ቀን ከመቁጠር ትንሽ አገር ማየት ይሻላል አልን። ጋሼ አሥራ ምናምን ዓመት ቻይና ሲመላለሱ ከመጋዘንና ከፋብሪካ ሌላ ያዩት ነገር የለም። «አንድ ቀን እንኳ ተራራ ልይ» አሉ። እኔም አሳዘኑኝ።

ሻጩ ፓስፖርታችንን ፎቶ አነሳና በቻይንኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ወረቀት አስፈረመን። «የኢንሹራንስ ነው» አለ። ፈረምን። ወደዚህ ወረቀት እመለሳለሁ፣ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ያንግሹዎ፣ ማለትም እነዚያ ተራሮች ያሉባት የጉይሊን ወረዳ፣ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚፈጀው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ነው የተከፈተው። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነበርን። አውቶቡሱ ቀርፋፋ ሆኖ አይደለም። ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ቆመ። አስጎብኚዋ በማይክሮፎን «የባህል ሙዚየም» አለች። ስንገባ የጄድ ሱቅ ነው፣ ጄድ ለጌጥ የሚሆን የከበረ ድንጋይ ነው። ተራራውን ሳናይ ጄድ አየን ማለት ነው።

ሱቁ አሠራሩ ይገርማል። አንዴ ከገባችሁ የምትወጡት ሁሉንም ክፍል ዞራችሁ ነው። 90 ደቂቃ ሳይሞላ የአውቶቡሱ በር አይከፈትም፣ ሾፌሩም የለም። መጀመሪያ ትምህርት የሚመስል ንግግር አለ። ከዚያ ሻይ ይመጣል። ከዚያ «የባለቤቱ ልጅ» የተባለ ሱፍ የለበሰ ወጣት ብቅ አለ። ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። አጎቱ የአዲስ አበባ ጅቡቲን ባቡር ሲሠራ አዲስ አበባ ኖሯል፣ እንግዳ ተቀባይነታችንን ሲያወራ አያልቅበትም። ስለዚህ ለእኛ ብቻ 6,800 የተለጠፈበትን አምባር በ900 ይሰጠናል። ጋሼ መርካቶ ያደጉ ሰው ናቸው፣ ዋጋ ሲወርድ ደስ ይላቸዋል። ለባለቤታቸው ገዙ። እኔ «ይቅርብዎ» ማለት አፍሬ ዝም አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወጣቱ ድንጋዩ «ከእነዚህ ተራሮች ሆድ» የወጣ ነው ብሎ ነበር። ውሸት ነው። የያንግሹዎ ተራሮች የኖራ ድንጋይ ናቸው። ዝናቡ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ትንሽ አሲድነት ያገኛል፣ በስንጥቁ እየገባ ድንጋዩን በሚሊዮን ዓመታት ያሟሟዋል። የቀረው እነዚያ ሹል ሹል ጉብታዎችና ዋሻዎች ናቸው። ባሌ ሄዳችሁ ሶፍ ዑመርን ያያችሁ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል፣ ወይብ ወንዝ የቦረቦረውም የኖራ ድንጋይ ነው። አረንጓዴው፣ ለአምባር የሚፈለገው ጄድ ግን በብዛት ከማይናማር ነው የሚመጣው። ጓንዡ ተመልሰን ሁዋሊን የሚባለውን የጄድ ገበያ ስንዞር ለዓይን የማይለይ አምባር በ80 ዩዋን አየን። ጋሼ ያን ቀን እራት አልበሉም።

ሆቴሉ «ያንግሹዎ» ተብሎ ነበር። በወረዳው ስም ካልሆነ በቀር ያንግሹዎ አይደለም። አውራ ጎዳና ዳር ያለ፣ ከከተማው በመኪና 40 ደቂቃ የሚርቅ ቤት ነው። ማታ ወጥቶ መንሸራሸር የለም። ምግቡም ተካቷል የተባለው እውነት ነው፣ ግን ከስድስቱ ሳህን አምስቱ የአሳማ ሥጋ ያለበት ነበር። ለእኔም ለጋሼም፣ አብራን ለነበረችው ሙስሊም እህታችንም የሚሆነው ነጭ ሩዝና ጎመን ብቻ። አስጎብኚዋ «ዓሣ ብታዙ ጥሩ ነው» አለችን። በቢራ የሚሠራ የያንግሹዎ ዓሣ በጣም ዝነኛ ነው፣ አይካድም፣ ይጥማል። ሜኑው ላይ 68 ይላል። እኛ ዓሣው በሙሉ መስሎን አዘዝን። ሒሳቡ ሲመጣ 306 ሆነ። 68ቱ የአንድ ጂን ዋጋ ነው፣ ጂን ደግሞ ግማሽ ኪሎ ነው። ዓሣው አራት ጂን ተኩል መዝኗል። በገበያ ስንት ዓመት በጂን ስንገዛ የኖርን ሰዎች፣ ሬስቶራንት ውስጥ ስንገባ ረሳነው። እናንተ ከማዘዛችሁ በፊት በጂን ነው ወይስ በሳህን ብላችሁ ጠይቁ። ዓሣው ፊታችሁ ይመዘን፣ የዓሣው ዓይነትም ዋጋውን ስለሚለውጠው ያም ይነገራችሁ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የትራስና የፍራሽ ሱቅ ገባን። ስለሱ ብዙ አልልም። ሁለት ሰዓት ትራስ ላይ ተጋደምን፣ በቃ።

ከሰዓት ወደ ወንዙ ሄድን። አሁን ልብ በሉ። ሰው «የሊ ወንዝ የጀልባ ጉዞ» ሲል በአእምሮው የሚመጣው ትልቁ መርከብ ነው። ከጉይሊን ተነስቶ ወደ ያንግሹዎ ይወርዳል፣ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለው የወንዙ ርዝመት 83 ኪሎ ሜትር ነው፣ ምርጡ ተራራ ያለውም ያንግዲና ሺንግፒንግ በሚባሉት የወንዝ ዳር ቦታዎች መሀል ነው። እኛን የወሰዱን ሺንግፒንግ ላይ አራት ሰው በሚይዝ ታንኳ ደርሶ መልስ ነው። 40 ደቂቃ። አስጎብኚዋን «የተባለው ጀልባ አይደለም እንዴ?» ስላት «ውሃ ላይ ይሄዳል አይደል?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

በነገራችን ላይ ታንኳው «የቀርከሃ» ቢባልም ቀርከሃ አይደለም። ከፕላስቲክ ቱቦ የተሠራና ሞተር ያለው ነው። ይሄን ማጭበርበር አልለውም፣ ሊ ወንዝ ላይ ያሉት እንዲያ ናቸው። እውነተኛውን ቀርከሃ፣ ያለ ሞተር ባለታንኳው በረጅም እንጨት እየገፋ የሚነዳውን የፈለገ ሰው እዚያው ያንግሹዎ ያለው ዩሎንግ የሚባል ሌላ ወንዝ ነው መሄድ ያለበት። እዚያ አንዱ ታንኳ ሁለት ሰው ይይዛል። ወንዙ ሲሞላ ግን ሁለቱም ቦታ ይቆማል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ደግሞ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ነው። የእኛ ወረቀት ላይ «በዝናብ ቢሰረዝ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ነበረበት፣ እግዜር ይስጠው አልተሰረዘም።

አንድ ነገር ግን ልመስክር። በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ ጋሼ ከቦርሳቸው የ20 ዩዋን ኖት አውጥተው ከጀርባው ያለውን ሥዕል ከፊታቸው ካለው ተራራ ጋር እያስተያዩ ነበር። ሥዕሉ እዚያው ሺንግፒንግ አጠገብ ያለው ቦታ ነው። አሥራ ምናምን ዓመት በየኪሳቸው ሲይዙት የኖሩት ብር ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቁ። ዝናቡ ያካፋል፣ ጭጋጉ ከጉብታ ጉብታ ይሄዳል። «ለካ ይሄ ነው» አሉ፣ ሌላ አልተናገሩም። ቦታውን አትሂዱ አልልም። ሂዱ። የምለው እንዲህ አትሂዱ ነው።

ከታንኳው ስንወርድ አንድ ሽማግሌ ሁለት ጥቁር ወፎች በእንጨት ላይ አስቀምጠው ቆመዋል። በወፍ ዓሣ ማጥመድ የድሮ ሙያቸው ነበር፣ አሁን በአብዛኛው ለፎቶ ነው። ዋጋ ሳትጠይቁ ስልክ አታንሱ። እኔ ግን ሽማግሌው ላይ ቅሬታ የለኝም። የጠየቁት 10 ዩዋን ነው፣ ፊት ለፊት ነው የጠየቁት።

ሦስተኛው ቀን የሻይና የብር ጌጥ ሱቅ ነበር። ከዚያ ወደ ሎንግጂ የሩዝ እርከኖች እንሄዳለን ተብሎ፣ «እሱ ተጨማሪ 280 ነው» ተባለ። ያልከፈለ አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቃል። እኛ አልከፈልንም፣ ጠበቅን።

ጓንዡ ስመለስ ደምሬ አየሁት። ሱቅ ውስጥ 7 ሰዓት ተኩል፣ ወንዝ ላይ 40 ደቂቃ።

ያንን ወረቀት ለአንድ እዚያው ለሚማር ኢትዮጵያዊ ልጅ አሳየሁት። አንብቦ ሳቀ። ሁለተኛው ገጽ ኢንሹራንስ አይደለም። የአራት ሱቆች ዝርዝር ነው፣ በእያንዳንዱ የምንቆይበት ደቂቃ ተጽፏል፣ ከሥሩ «በራሳችን ጥያቄ ለመግባት ተስማምተናል» ይላል። ፊርማዬ አለበት።

ልጁ እንዳስረዳኝ አካሄዱ እንዲህ ነው። 499 የአውቶቡሱንና የሆቴሉን ወጪ አይሸፍንም። አስጎብኚዋ ብዙ ጊዜ ደመወዝ የላትም። ሱቁ በገባ ሰው ራስና በተሸጠው ዕቃ ኮሚሽን ይከፍላል። ስለዚህ ደንበኛው ሱቁ ነው፣ እኛ ዕቃው ነን። ቻይናዎቹ ራሳቸው ስንት ዓመት ሲማረሩበት የኖሩት ነገር ነው፣ «ዜሮ ክፍያ ጉዞ» የሚባል ስም ሁሉ አለው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራው የቱሪዝም ሕጋቸው በአንቀጽ 35 ያለአግባብ በረከሰ ዋጋ ሰው ስቦ ከሱቅ ኮሚሽን መልቀምን ይከለክላል። ያ ከተፈጸመባችሁ ጉዞው ካለቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ አስጎብኚ ድርጅቱ ዕቃውን አስመልሶ ገንዘቡን ከኪሱ ቀድሞ እንዲከፍላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቀዳዳው ግን ተጓዡ ራሱ ተስማምቶ ወይም ጠይቆ ከሆነ ነው። ለዚህ ነው ያንን ገጽ የሚያስፈርሙት።

እኛ ልጁን ይዘን 12345 ደወልን፣ የመንግሥት አቤቱታ መስመር ነው። ለሸማች ጉዳይ ደግሞ 12315 አለ። ደረሰኙ፣ የዊቻት ንግግሩና ማስታወቂያው ስልኬ ላይ ስለነበሩ ጠቀሙን። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የአምባሩ 900 ተመለሰ። የጉዞው ገንዘብ አልተመለሰም፣ ፈርማችኋል ተባልን። ቶሎ ባንደውልና አገር ቤት ገብተን ቢሆን 900ውም አይታሰብም ነበር።

እንደገና ብሄድ እንዲህ ነው የማደርገው። ባቡሩን በፓስፖርቴ ራሴ እቆርጣለሁ። ያንግሹዎ የሚባለው ጣቢያ ያንግሹዎ ከተማ ውስጥ እንዳልሆነ፣ ለሺንግፒንግ እንደሚቀርብ አውቄ እወርዳለሁ። ስለዚህ አንድ ሌሊት ሺንግፒንግ አድራለሁ፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ወንዙ ዳር እሄዳለሁ። ለታንኳውም ለዋሻውም ትኬት ከመስኮቱ ወይም ከቦታው የራሱ የዊቻት ገጽ እንጂ መንገድ ላይ «ሄሎ ባምቡ» እያለ ከሚከተል ሰው አልገዛም። ከሜይ 1 እና ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያሉትን የበዓል ቀናት እሸሻለሁ፣ ቻይና በሙሉ የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። ምናልባት ማስያዝ ካስፈለገኝም አራት ጥያቄ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፦ ስንት ሱቅ እንገባለን፣ መርከብ ነው ታንኳ፣ ከየት እስከ የት፣ ሆቴሉ በካርታ ላይ የት ነው። «አታስቢ እህቴ» የሚል መልስ ከመጣ መልሱ ታውቋል። የሚፈረም ነገር ካለ ደግሞ የስልክ ካሜራ ቻይንኛውን ይተረጉማል፣ አንድ ደቂቃ ነው። እኔ ያንን አንድ ደቂቃ ነው የሰሰትኩት።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ ከሺያንጎንግ ተራራ ላይ የተነሳ ነው፣ ወንዙ ከላይ እንደ ቀለበት ሲጠማዘዝ የሚታይበት ቦታ። ፓኬጁ እዚያ አይሄድም። ዛሬ ጠዋት ያው ፎቶ ግሩፓችን ላይ እንደገና ተለጥፏል። ዋጋው ወደ 459 ወርዷል፣ ከሥሩም ሦስት ሰው «ኢንቦክስ» ብሏል።